ሞተር የሚያውቅ ሰው

ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡ ከእጁ እስኪወጣ ድረስ ሐሳቡን ለማንም ባይናገር ይሻለዋል። አንዴ ካመለጠው አለቀለት። ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ከሞተር የወደቀ ቢያንስ አንድ ሰው ያውቃል። ሞተር ገዝቶ ሃያ ዓመት በሰላም ሥራ የተመላለሰ ሰው የሚያውቅ ግን አንድም ዘመድ አይገኝም፤ እንዲህ ያለው ሰው ለወሬ ስለማይመች ይመስለኛል። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይመጣና «ትንሽ ጨምረህ ለምን መኪና አትገዛም?» ይላል። ይቺ «ትንሽ» የሞተሩን ዋጋ ብዙ እጥፍ እንደምታህል እሱም ገዢውም ያውቃሉ፤ ምክር በነፃ ስለሆነ ግን ሒሳብ አይጠየቅበትም።

የእህቴ ልጅ አመለጠው።

ልጁ የሚኖረው ሐዋሳ፣ ሥራ ያገኘው ቱላ ነው። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሲጋፋ፣ ማታ ማታ ከባጃጅ ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሞ አንድ እሑድ ቡና ላይ «ያገለገለ ሞተር ልገዛ ነው» አለ። እህቴ ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ወደኔ ዞረች። ልጇ ተናግሮ ወደኔ የምትዞርበት ምክንያት አላት፤ በቤተሰቡ ውስጥ «ሞተር የሚያውቅ ሰው» እኔ ነኝ።

ይህ ማዕረግ በአገራችን ፈተና የለውም። የራስህ ሞተር ካለህ፣ እሱም ካረጀ፣ እጅህም አልፎ አልፎ ግራሶ ከነካው በቂ ነው። የኔዋ ያማሃ ኤጂ 100 ናት፤ ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች፣ ካቴናዋ ድፍን ሽፋን ያለው፣ ጭቃ ላይ እንዳትንጋለል በግራም በቀኝም ማቆሚያ እግር የተበጀላት፣ በ4 ቁጥር ታርጋ ወጣትነቷን ገጠር ለገጠር ጨርሳ በጨረታ የወጣች። መልኳ ማንንም አያማልልም። እስካሁን ያልተሰረቀችውም ለዚህ ነው።

የልጁ ምኞት ግን አፓቼ ነው። አፓቼ 180ን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ሐዋሳ አስፋልት ዳር ጥቂት ይቁም፤ መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ቀጥሎ ነጂው፣ በመጨረሻ የነጂው ጃኬት። ሕንዶች የሠሩት ጥሩ ሞተር ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። ነገር ግን ፍሪሲዮን መልቀቅ ገና ያልለመደ ግራ እጅና ነዳጅ መስጠት የሚወድ ቀኝ እጅ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ፣ ሞተሩ ባለቤቱን ትቶ ለብቻው ቱላ ሊደርስ ይችላል።

ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለ። አየሁለት። ቀይ ናት። ጎኗ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ተደግፎ ይስቃል።

«የሚሸጠው የትኛው ነው?» አልኩት።

ለጀማሪ የሞተር ልክ የሚለካው ከወገብ በታች ነው። ተቀመጥበት፤ ሁለቱን እግርህን መሬት ላይ አሳርፍ። ተረከዝህ ከነካ ጥሩ፤ በአውራ ጣትህ ጫፍ ብቻ ከቆምክ ውረድ። ሞተር እየሄደ እያለ ሚዛኑን ራሱ ይጠብቃል። ጀማሪን የሚጥለው ሲቆም ነው፤ ትራፊክ መብራት ላይ፣ ጠጠር ላይ፣ ጋሪ ድንገት ሲያቋርጥ። ከመቶ ኪሎ በላይ ብረት ወደ ጎን ማዘንበል ከጀመረ በጣት ጫፍ አይመለስም። ልጁ ደግሞ የወጣው በእናቱ ወገን ነው፤ እኛ ቤት ቁመት አልተሰጠንም።

ይህን ስነግረው ነገሩን ወደ ጉልበት አዞረው። «መቶ ሲሲ እኮ ደካማ ነው» አለ። እውነት ነው፤ እንዲያውም ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሞተርም የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ ፋብሪካው ከጻፈው ጉልበት 15 በመቶ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። «እንግዲያው ትልቁን እንግዛ!» አለ ልጁ። ዕውቀት ለወጣት ሲነገር እንዲህ ነው የሚተረጎመው። ሐዋሳ ሜዳ መሆኗን፣ መንገዱም ላይ ከእሱ ሌላ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ብስክሌትና በሬ እንዳለ አስታወስኩት። መቶ ሲሲ ይዞ ከነዚህ ሁሉ ኋላ የቀረ ሰው አላየሁም።

እህቴ ሲሲ አታውቅም። ማታ ደውላ «ትንሹን፣ ቀስ የሚለውን፣ የማይጮኸውን ምረጥለት፤ አለበለዚያ ደሙ ባንተ ላይ ነው» አለችኝ። ሠፈሬ ያለው መካኒክም ስጠይቀው ያለኝ ይህንኑ ነው፤ ስለ ደም ካለው ቃል በቀር። እናትና መካኒክ የተስማሙበት ጉዳይ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሄልሜት ከሞተሩ በፊት ይገዛ፣ እሱም አዲስ ይሁን ብለን ወሰንን። ያገለገለ ሄልሜት ውስጡ ያለው ስፖንጅ አንዴ ምት ከተቀበለ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ከውጭ ግን ቀለሙ ያበራል። ልጁ ገዛና ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። በከተማችን ክርናቸውን ከአደጋ የሚጠብቁ ወጣቶች ብዛት ይገርመኛል።

ከዚያ ደላላ አገኘን፤ ወይም እሱ አገኘን። አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆመን ሞተር ማየት ከመጀመራችን ከመካከላችን በቅሎ ወጣ።

ባገለገለ ሞተር ገበያ ስለ ሞተር አይወራም፤ የሚወራው ስለ ባለቤቱ ነው። መጀመሪያ ያሳየን የአንድ ዶክተር ነበር። ሁለተኛው የአንዲት ፈረንጅ፣ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የምታስነሳው። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከሦስተኛ ማርሽ በላይ ገብተው የማያውቁ። በዚህ ከተማ ጎረምሳ ሞተር ሸጦ አያውቅም። ጉድጓድ የሚዘሉት፣ አንድ ጎማ አስነስተው የሚሄዱት፣ ሦስት ሰው የሚጭኑት ሁሉ ሞተራቸውን ይዘው ያረጃሉ ማለት ነው፤ የሚሸጡት ዶክተሮቹ ብቻ ናቸው። ሕክምና ስንሄድ ወረፋው የሚረዝመው ለካ ሐኪሞቹ ሞተር ሊሸጡ ወጥተው ነው።

የድሮ ሰዎች በቅሎ ሲገዙ የባለቤቱን ሙያ አይጠይቁም ነበር። አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ፣ ኮቴዋን ያነሣሉ፣ ትንሽ ያራምዷታል። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ጥርስ እንኳ አለው። የኋላው ቸርኬ ላይ ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ክብ ብረት አለ። ጥርሶቹ ደልደል ብለው ከቆሙ ደህና ነው፤ ሾለው ወደ አንድ ወገን ከጎበጡ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ካቴናውን ከኋላው ጫፍ ላይ በጣትህ ሳበው፤ ከጥርሱ ተነሥቶ በመካከሉ ብርሃን ካሳየህ እሱም ሊሰናበት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 9 ሺህ ቢልህም ጥርሱን እመን። ቆጣሪ ሽቦው ከተነቀለ አይቆጥርም፤ የእግር መርገጫው ጎማ ግን ከነድዱ እስኪታይ ድረስ ተበልቶ 9 ሺህ ነኝ ሊል አይችልም።

የዶክተሩን ሞተር ስነካው ትኩስ ነው። «አሁን ነድቼው መምጣቴ ነው» አለ ሻጩ፤ የቆመው ግን በራሱ ግቢ በር ላይ ነበር፣ በነጠላ ጫማ። ደላላ «እየመጣን ነው» ብሎ ሲደውል ሻጭ ሞተር ማሞቅ ይጀምራል። የሞቀ ሞተር ደግሞ ማንንም ያስደስታል፤ አንዴ ሲረግጡት ይነሣል፣ ሚኒሞው ይስተካከላል፣ ጭሱ ይጠፋል። ሕመሙን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ማኪያቶ አዝዘን ማዶ ተቀመጥን። ደላላው ተጨነቀ፤ «ጋሼ፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» አለ። ይምጣ፣ ማኪያቶ ይጠጣ አልኩት።

ሲቀዘቅዝ ሻጩ ረገጠው። ዝም። ደግሞ ረገጠ፤ አሳለ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ታግሎ በመጨረሻ ተነሣና ከማርሚታው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ግቢውን ሞላው። ሞተር ዘይት ሲያቃጥል ጭሱ እንዲህ ነው፤ ፋሻው አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው። ጥቁር ጭስ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጥቁሩ ቤንዚን ስለበዛ ነው፣ ካርቡራተር አስተካክለህ ትገላገላለህ።

«ብርዱ ነው» አለ ሻጩ። የካቲት ነው፤ ሐዋሳ። አሞራው እንኳ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ወርዷል።

ደላላው ወደኔዋ ሞተር ጠቆመና «የእርስዎም እኮ ታጨሳለች» አለኝ። ልክ ነው፣ ታጨሳለች። የኔዋ ቱ ስትሮክ ናት፤ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብራ እንድታቃጥል ሆና ነው የተሠራችው፤ ካላጨሰች ነው የምደነግጠው። ያኛው ፎር ስትሮክ ነው፤ ዘይቱ ታች ተቀምጦ ብረት ማለስለስ እንጂ በማርሚታ መውጣት ሥራው አይደለም። ይህን ሳስረዳ ደላላው በጥሞና አዳመጠኝ። ለሚቀጥለው ገዢ እንዴት እንደሚነግረው እያሰበ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

የፈረንጇ ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ እንከን የለሽ ነበረች። ልጁ ዓይኑ ፈዘዘ። እኔ ደግሞ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሞተር ሳይ ጥርጣሬ ይይዘኛል፤ ቀለሙ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ገንዘብ ደግሞ ሰው ለሚሸጠው ነገር ያለ ምክንያት አያወጣም። ወንበሩን አንሥተን ሥሩን ስናይ ቀይ ሆነ። ሊብሬውም ቀይ ይላል። ከመሪው አንገት ሥር፣ ሻንሲው ከሚጀምርበት ላይ፣ ቀለሙ ጎርበጥ ብሎ ተቆልሏል፤ በጥፍሬ ስከተለው የብየዳ መስመር ነው። እዚያ ቦታ የተበየደ ሻንሲ አንድ ጊዜ ከግድግዳ ወይም ከአይሱዙ ጋር ተገናኝቷል። ፈረንጇ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄደው ወዴት እንደነበር እንጃ።

ጭረት ያለበት ሞተር ይሻለኛል። የመሪው ጫፍ፣ የእግር መርገጫው ዳር፣ የስፖኪዮው ጎን ከተፋቀ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ወድቋል ማለት ነው፤ ያልወደቀ ማን አለ? የሚያስፈራው ቀጥታ የማይቆመው ነው። ከፊት ራቅ ብለህ ተቀመጥና የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ መስመር መሆናቸውን እይ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነሥተህ መሪውን ቀስ ብለህ ወዲያና ወዲህ አዙር፤ መካከል ላይ ገባ ብሎ የሚያዝ ነገር ካለ የአንገቱ ኩሽኔታ ተበልቷል።

ሌላም አየን፤ ከሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተለየ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ብስክሌት በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ አግዳ ነበር። ደላላው እንደነገረን ይህ ሞተር ከዚያች ቀን ጀምሮ አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሞ፣ በቅርቡ በጭነት መኪና ወደ ሐዋሳ የመጣ ነው። «መሬት አልነካም!» አለ። አጎንብሼ ጎማውን አየሁ። የጎማ ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ይናገራሉ። 1221 ይላል። የ2021 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት፤ በኛ መጋቢት 2013። ሞተሩ መሬት መንካት ካቆመ ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ የተወለደ ጎማ ነው፤ ጥርሱም ግማሹ ተበልቷል።

ደላላው አጎንብሶ አየ። ቀና አለ። «ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው፤ ቆሞም ጎማ ይቀይርለታል» አለ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ባርኔጣ ይነሣል። ግን እውነትም ቆሞ የኖረ ቢሆን ምን ያስመካል? የቆመ ሞተር ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ደርቆ ሙጫ ይሆናል፣ ባትሪው ይሞታል፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ከውስጥ ይዝጋል። ክዳኑን ከፍቶ በስልክ መብራት ማየት ነው። ክብሪት ጭሮ ያየ ሰው ያየውን ለማንም አልተናገረም።

ልጁ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ደላላው በሹክሹክታ «አንድ ቦክሰር አለ፤ ግን ለእናንተ አይሆንም» አለን። ባጃጅ ቦክሰር፣ መቶ ሲሲ። ባለቤቱ በየሆቴሉ እንጀራ የሚያደርስ ሰው ነው። ከኋላው እንደ ልቡ የረዘመ የዕቃ መጫኛ ብረት አስበይዶበታል፤ ወንበሩ በፕላስተር ተጣብቋል፤ አንደኛው ፍሬቻ የለም። ልጁ ፊቱን አዞረ።

ሰውየው ግን ሳንጠይቀው ተናገረ። «የፊቱ አሞርዛተር ዘይት ያፈሳል። የኋላው ፍሬን አልቋል። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት እንቢ ይላል፤ ሲሞቅ ይገባል። ሞተሩ አልተነካም።» ደላላው እግሩን ረገጠው። ሰውየው «ምን ትረግጠኛለህ?» አለ ጮክ ብሎ።

የተነገረ ጉድለት ዋጋው ይታወቃል። መለዋወጫ ቤት ትገባለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ከዋጋው ላይ ትቀንሳለህ። የቦክሰር መለዋወጫ ደግሞ ሻይ ቤት በሚገኝበት ከተማ ሁሉ አለ፤ የሚፈታውና የሚገጥመው ልጅም እንዲሁ። በዚህ በኩል የኔዋን ያማሃ ለጀማሪ አልመክርም፤ ዕቃዋን ስጠይቅ የሱቁ ልጅ አባቱን ይጠራል፣ አባቱም ትዝታውን ያወጋኛል። ቦክሰሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰውየው ረገጠው፣ ተነሣ፣ ጭስ የለም። የእህቴ ልጅ ሲቀመጥበት ሁለት ተረከዙ መሬት ላይ አረፈ። ካንዴላውን አስፈትቼ አየሁት፤ ጫፉ ቡናማ ነው፤ ማለፊያ።

ለሙከራ ስነዳው ሰውየው መያዣ ጠየቀ። መታወቂያዬንና የእህቴን ልጅ ተውኩለት። ሁለተኛ ማርሽ እንደተባለው እንቢ አለ፤ ሐቀኛ ሞተር ነው። የፊቱን ፍሬን ስይዝ ግን መያዣው እስከ መሪው ድረስ መጣ፤ ሽቦው ላልቷል። ይህ የሰውየው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የፊት ፍሬን ይገለብጣል የሚል እምነት በአገሩ ሁሉ አለ፤ ሽቦውን ሆን ብለው የሚያላሉ ሁሉ አሉ። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚያቆመውም በአብዛኛው የፊቱ ፍሬን ነው። የሚገለብጠው ድንገት ጭምቅ የሚያደርገው ሰው ነው። ልጁን ባዶ ሜዳ ላይ ሁለቱን ፍሬን አንድ ላይ፣ ቀስ እያለ እያጠበቀ እንዲይዝ አለማምደዋለሁ ብዬ ለእህቴ ቃል ገባሁ።

ወረቀቱ አሰልቺ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ሊብሬው በሻጩ ስም ይሁን። «ባለቤቱ ዱባይ ነው፣ ውክልናው አጎቱ ጋ ነው፣ አጎቱ ሐዘን ላይ ናቸው» ከተባለ መንገድህን ቀጥል። የሻንሲ ቁጥሩ መሪው አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ሞተሩ አካል ላይ ተቀርጿል፤ በቤንዚን ጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ማስተያየት ነው። የተፋቀ ቁጥር በነፃ ቢሰጥህም ውድ ነው። ቀረጥ ያልተከፈለበት ሞተርም ርካሽ የሚሆነው እስከ መጀመሪያው ኬላ ብቻ ነው። ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አይተን ውሉን ተፈራረምን። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ ወግ እስኪታተም ሌላ ዋጋ ይሆናልና።

እህቴ ሞተሩን ስታይ ደስ አላት። «አስቀያሚ ነው፤ ጥሩ ነው» አለች። ልጁ «የኋላው ብረት ይቆረጣል፣ አይደል ጋሼ?» እያለ ሲለምነኝ ሰምታ ኖሮ፣ «ማን ይቆርጠዋል? ጤፍ ያመጣልኛል እንጂ» ብላ ዘጋችው።

የቀረው የደላላው ኮሚሽን ነበር። ለመቀበል ሦስት ሰው መጣ፤ አንደኛው «ለእናንተ አይሆንም» ያለን የራሳችን ደላላ፣ ሁለተኛው ለሱ የነገረው፣ ሦስተኛው ሙከራ ስነዳ መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጨበ። ክርክሩ እንደምንም ሲያልቅ የኛው ደላላ ገንዘቡን ኪሱ ከቶ ወደ ያማሃዬ ሄደ። ዙሪያዋን ዞረ። ካቴናውን ሳብ ሊያደርግ ጣቱን ሰደደ፣ ሽፋኑ መለሰው። ጎማዋ ጎን ላይ አራቱን አኃዝ ፈለገ። ወንበሯን አንሥቶ ሥሩን አየ።

«ጋሼ፣ ይቺንስ አይሸጧትም? ደህና ዋጋ አወጣላታለሁ።»

«ለገዢ ባለቤቷ ማን ነው ልትለው?» አልኩት።

ከባርኔጣዬ ጀምሮ ግራሶ እስከነካው ጫማዬ ድረስ ቀስ ብሎ አየኝ።

«እሱን ለኔ ይተዉት» አለ፤ «ሌላ ሰው እንፈልግላታለን።»